የበጋ ግቢ ማስጌጥ በድሬዳዋ

የበጋ ግቢ ማስጌጥ ዝናብ በሌለባቸውና ውሃ በሚያጥርባቸው ወራት የመኖሪያ ግቢን ብዙ ውሃ በማይፈልጉ ነገሮች የማስዋብ ሥራ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ድንጋይ፣ ሸክላ፣ አሮጌ እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ የሴራሚክ ስባሪና ድርቅን የሚችሉ ተክሎች ናቸው። የሚሠራው ጌጥ ብዙውን ጊዜ ያልተወለወለ ነው፤ የተሠራበት ነገር መልክና ዕድሜ በግልጽ ይታይበታል። ስለዚህ ባላገርኛ ጌጥ ሊባል ይችላል። አፉ የተሸረፈ እንስራ፣ የተጣለ የጋሪ ጎማ፣ ጎርፍ ያለሰለሰው ድንጋይ፣ የደረቀ የዛፍ ሥር የዚህ ጌጥ ምሳሌዎች ናቸው።

ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ ተስማሚም አስቸጋሪም ከተማ ናት። ኑሮ ከቤት ይልቅ በግቢና በበረንዳ የሚያዘወትርባት፣ ድንጋይና አሸዋ በቅርብ የሚገኝባት፣ ከተለያዩ ባህሎች የመጡ ነዋሪዎች ያሏት ናት። በሌላ በኩል ሙቀቷ ብርቱ ነው፤ ውሃዋም ቁጠባ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ በዕቃ ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ የሚራቡ ትንኞች በከተማዋ ደጋግመው ወረርሽኝ አስነስተዋል። በዚህ ምክንያት በድሬዳዋ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ጣሳ፣ ጎማ ወይም ማሰሮ ከጌጥነቱ ባሻገር የጤና ጉዳይ ነው።

የአየር ጠባይ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ትገኛለች። ዝናቧ በሁለት ወቅት ይመጣል። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ሲሆን በመጋቢትና በሚያዝያ ይጥላል። ሁለተኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ የሚዘልቀው የክረምት ዝናብ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ወራት በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። በሁለቱ ዝናቦች መካከል፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ ዝናቡ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን የዓመቱ ከፍተኛ ይሆናል።

ስለዚህ የድሬዳዋ ግቢ ሁለት ዓይነት ድርቅ ያጋጥመዋል። የጥቅምት - የካቲቱ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ተክል ትንፋሽ ያገኛል። የሰኔው አጭር ነው፤ ሆኖም ፀሐዩ ስለሚያይል በጣሳ የተተከለ ተክል በአንድ ቀን ሊጠወልግ ይችላል። ግቢውን የሚያዘጋጅ ሰው ጌጡን ለሁለቱም ማሰብ አለበት።

የከተማዋ ውሃ በዋናነት ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው። በአካባቢው የኖራ ድንጋይ በብዛት ስለሚገኝ ውሃው ጠጣር ነው፤ ካልሲየም ይበዛበታል። በሸክላ ማሰሮዎች ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊትና በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከዚሁ የመጣ ነው።

ታሪካዊ መነሻ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በስፍራው ሲደርስ ነው። ደቻቱ የተባለው፣ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ ሆኖ የሚቆየው የአሸዋ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በምዕራብ በኩል ያለው ከዚራ በባቡር ኩባንያው ዘመን ቀጥ ባሉ መንገዶች የተነደፈ ሲሆን መንገዶቹን ዛፎች ያጠሏቸዋል። በምሥራቅ ያለው መጋላ ደግሞ ጠባብ መተላለፊያዎችና የተጠጋጉ የግንብ ግቢዎች የሚበዙበት የገበያ ሰፈር ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ሁለት ዓይነት ግቢ አላቸው። በከዚራ ዛፍ የሚበቅልበት ሰፊ ቦታ ይገኛል፤ በመጋላ ግን ጌጡ በግድግዳ፣ በደጃፍና በማሰሮ ላይ ይወሰናል።

የከተማዋ ነዋሪዎች ይዘውት የመጡት የማስጌጥ ልማድም የተለያየ ነው። የሐረሪ ባህላዊ ቤት የውስጥ ግድግዳ በቀለማት ያሸበረቁ ስፌቶችና ሳህኖች ይደረደሩበታል፤ በግድግዳው ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ መስኮቶች ይወጡለታል፤ መቀመጫ መደቦቹም በደረጃ ይሠራሉ። በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ከእንጨት ተፈልፍሎ የሚሠራ የግመል ቃጭል አለ። በኦሮሞና በአማራ ቤቶች ደግሞ ሸክላ፣ ሰፌድ፣ ሞሰብና ቅል ከአገልግሎታቸው ሲወጡ ለጌጥ ሲሰቀሉ ይታያል። የእነዚህ ዕቃዎች የጋራ ጠባይ አስቀድመው ለሥራ የተፈጠሩ መሆናቸው ነው። ጌጥ የሚሆኑት ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ የግድግዳ ጥበብም በአካባቢው አለ። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በሚገኘው የለገ ኦዳ ዋሻ ግድግዳ ላይ የከብት፣ የዱር እንስሳትና የሰው ሥዕሎች በቀይና በሌሎች የአፈር ቀለሞች ተሥለዋል። በጥቂት መስመር ከብቱን ከነቀንዱ የሚያሳዩት እነዚህ ሥዕሎች ለግቢ ግድግዳ ሥዕል ጥሩ አርአያ ናቸው፤ ቀለማቸው ከአፈር የተገኘ ነውና ከደረቅ ግቢ መልክ ጋርም ይስማማሉ።

የውሃ ሒሳብ

የበጋ ግቢ ማስጌጥ መሠረታዊ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ዓይን የሚያርፍበትን ነገር ሁሉ ውሃ እንዲጠጣ አለማድረግ። በግቢው ውስጥ ቀለም፣ ቅርጽና ጥላ ሊሰጡ የሚችሉ ብዙ ነገሮች ውሃ አይፈልጉም። ተክል ጥቂት ሆኖ፣ በሚታይበት ቦታ ቢቀመጥ ይበቃል።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ግቢ 20 ትንንሽ የጣሳ ተክሎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ በቀን ግማሽ ሊትር ውሃ ቢፈልግ በቀን 10 ሊትር፣ በወር 300 ሊትር ይሆናል። ይህ 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በእነዚህ ፋንታ 5 ትልልቅ ማሰሮዎች ተተክለው እያንዳንዳቸው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ 2 ሊትር ቢጠጡ በቀን 5 ሊትር፣ በወር 150 ሊትር ይበቃል። ቀሪው ቦታ በድንጋይ፣ በሥርና በሥዕል ቢሞላ ግቢው ባዶ አይመስልም፤ የውሃው ወጪ ግን በግማሽ ይቀንሳል።

ትንሽ ጣሳ ብዙ ውሃ የሚፈልግበት ምክንያት አለው። በውስጡ ያለው አፈር ጥቂት ስለሆነ የሚይዘው ውሃ አነስተኛ ነው፤ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠው ገጹ ግን ከአፈሩ መጠን ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው። ጣሳው ብረት ከሆነ ደግሞ ቀን ላይ ስለሚግል ሥሩን ያቃጥለዋል። ይህን ለመቀነስ ጣሳዎቹን እርስ በርስ አጠጋግቶ በጥላ ማስቀመጥ፣ በነጭ ቀለም መቀባት ወይም ጣሳውን በትልቅ ሸክላ ውስጥ አድርጎ በመካከሉ አሸዋ መሙላት ይረዳል።

ቁሳቁሶች

ድንጋይና ጠጠር

ድንጋይ ለበጋ ግቢ ዋናው ቁሳቁስ ነው። ጠጠር በአፈር ላይ ሲነጠፍ ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ እንዳትመታው ስለሚከላከል እርጥበት ቶሎ አይተንም፤ አቧራም አይነሣም። የጠጠሩ ቀለም ልዩነት ያመጣል። ጥቁር ድንጋይ ሙቀት ውጦ እስከ ምሽት ድረስ ይተፋል። ነጣ ያለው ድንጋይ ብዙ አይግልም፤ ነገር ግን ብርሃኑን ወደ ቤት መስኮትና ወደ ተክሉ ቅጠል ይመልሳል። ስለዚህ ሰው በሚቀመጥበት አካባቢ ጥቁር ድንጋይ፣ በመስኮት ፊት ደግሞ ነጭ ጠጠር ባይበዛ ይመረጣል።

ኖራ በአካባቢው የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የተተከለው የኖራ ድንጋይ በአካባቢው በመኖሩ ነው። በኖራ የተቀባ የድንጋይ ረድፍ የመንገድ ጠርዝን በማታ ያሳያል፤ ርካሽም ነው።

ሸክላ

እንስራ፣ ጋን፣ ድስትና ጀበና ሲሸረፉ ወይም ሲሰነጠቁ ለግቢ ይውላሉ። የተሰነጠቀ ጋን በጎኑ ተጋድሞ፣ ከአፉ ጠጠር ወይም ዝቅ ያለ ተክል እንደሚፈስ ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል። የሸክላ ጠቃሚ ባሕርይ ውሃ በግድግዳው ቀስ እያለ መውጣቱና በሚተንበት ጊዜ ማሰሮውን ማቀዝቀዙ ነው። በሸክላ ማሰሮ የተተከለ ተክል ሥሩ ከጣሳ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ውሃው ግን ቶሎ ይደርቃል። ስለሆነም ሸክላ ለእሬትና ለመሰል ውሃ አጠራቃሚ ተክሎች በይበልጥ ይስማማል።

ብረትና ቆርቆሮ

ድሬዳዋ የባቡር፣ የጋራዥና የብየዳ ከተማ ናት። የፔጆ 404 ታክሲዎች ከሌላ ቦታ ከጠፉ በኋላም ለረጅም ዓመታት በመንገዶቿ ይታዩ ነበር። ከጋራዥ የሚወጡ ማርሾች፣ ሰንሰለቶችና ቁርጥራጮች በብየዳ ተያይዘው የወፍ፣ የግመል ወይም የአበባ ቅርጽ ሊወጣቸው ይችላል። የአየሩ ድርቀት ዝገቱን ያዘገየዋል። ዝገት ራሱ ቀይ ቡናማ ቀለም ስለሚሰጥ አንዳንዶች ሆን ብለው ሳይቀቡት ይተዉታል። ከአሮጌው የኢትዮ - ጂቡቲ ባቡር መስመር የተነቀለ ሐዲድና ዕቃ ግን የአገር ንብረትና ቅርስ ነው። ለግቢ ጌጥ ተብሎ መወሰድ የለበትም።

እንጨት

የደረቀ ግንድና ሥር ያለ ብዙ ሥራ ጌጥ ይሆናል። በድሬዳዋና በአፋር አካባቢ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ ግጦሽን እያጠፋ ያለ ወራሪ ቢሆንም እንጨቱ ጠንካራ ነው። ለመቀመጫ፣ ለማሰሮ መደብና ለአጥር ማስጌጫ ሊውል ይችላል። እሾሁ የሚያቆስል ስለሆነ አስቀድሞ መመልመል አለበት። እንጨት ከመሬት ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ምስጥ ይበላዋል። በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝማል።

ስባሪ

የሴራሚክ፣ የሲኒና የሳህን ስባሪ በግድግዳ ወይም በመደብ ላይ በሲሚንቶ ተለጥፎ ሥዕል ይሠራበታል። አሠራሩ ከዚህ በታች ተገልጿል።

ተክሎች

ድሬዳዋ በስሟ የሚጠራ ዛፍ አላት። በሳይንሳዊ ስሙ ዴሎኒክስ ሬጂያ የሚባለውና ቀይ አበባው ዛፉን በሙሉ የሚሸፍነው ዛፍ በአማርኛ የድሬዳዋ ዛፍ ይባላል። የመጣው ግን ከማዳጋስካር ነው። ጥላው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ በመሆኑ ለሰፊ ግቢ ተስማሚ ነው። ሥሩ ከመሬት ወለል አቅራቢያ ስለሚዘረጋ ግድግዳንና የውሃ ቧንቧን ሊያነሣ ይችላል። ስለሆነም ከቤት ራቅ ተደርጎ መተከል ይኖርበታል።

ለበጋ ግቢ የሚስማሙ ሌሎች ተክሎች የሚከተሉት ናቸው፦

- ኒም፦ ድርቅን የሚችል፣ በቶሎ የሚያድግና ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ነው።
- ቡገንቪሊያ፦ ሥር ከያዘ በኋላ በጥቂት ውሃ ያብባል። እንዲያውም ውሃ ሲበዛለት ቅጠሉ ይበረክታል፤ አበባው ያንሳል።
- እሬት፦ በቅጠሉ ውሃ ስለሚያጠራቅም ለረጅም ጊዜ ሳይጠጣ ይቆያል።
- በለስና ቃጫ፦ ጎላ ያለ ቅርጽ ስላላቸው እንደ ሐውልት ለብቻቸው ይተከላሉ።
- ቅንጭብ፦ በሐረርጌ ለአጥር የተለመደ ነው። ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አይመከርም።
- አዴኒየም፦ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ በዱር የሚበቅል፣ ግንዱ ያበጠና ሮዝ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። ፈሳሹ መርዛማ ነው።

ጤና አዳም፣ በሶብላና ጠጅ ሣር ውሃ የሚፈልጉ ናቸው። ሆኖም ለቡናና ለወጥ የሚፈለጉ በመሆናቸው ከማድ ቤት አጠገብ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ በጥቂት ማሰሮ ቢተከሉ ውሃቸው አይባክንም።

የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ አበባው ደማቅና ድርቅን የሚችል ቢሆንም ለግቢ ጌጥ መትከል አይገባም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት ከወረሩ መጤ ተክሎች አንዱ ነው። ፍሬውን ወፎች ስለሚበሉት ዘሩ ከግቢ ወደ ሜዳ ይወጣል።

አሠራር

የተቀበረ እንስራ

ይህ ዘዴ ጌጥንና መስኖን ያጣምራል። ሸክላ እንስራ እስከ አንገቱ በአፈር ይቀበርና ውሃ ይሞላል። ዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ ውሃውን በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል ይስበዋል፤ አፈሩ ሲረጥብ መሳቡ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ተክሉ እንደ ፍላጎቱ ይጠጣል፤ ከላይ በፀሐይ የሚባክን ውሃም ያንሳል። ዘዴው በጣም ጥንታዊ ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ የቻይና የእርሻ መጽሐፍ ተመዝግቧል።

በኢትዮጵያ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቤት ሸክላ ከአገልግሎት በፊት ስለሚሟሽ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ በደንብ የተሟሸ ዕቃ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ለቀብር የሚመረጠው ያልተሟሸ ሸክላ ነው። ለመፈተን ውሃ ሞልቶ ማሳደር ይቻላል። በማግስቱ የውጭ ገጹ ከረጠበ ይሠራል። በድሬዳዋ ጠጣር ውሃ ምክንያት ቀዳዳዎቹ ከጊዜ በኋላ በነጭ ቅርፊት ይደፈናሉ። እንስራውን በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ማሸት ይረዳል። የእንስራው አፍ ሁልጊዜ መከደን አለበት። ክዳኑ በቀለም የተጌጠ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የሸክላ ሳህን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ትንኝ የሚያስገባ ክፍተት ሊኖረው አይገባም።

ደረቅ ጅረት

ደረቅ ጅረት በግቢ ውስጥ በጠጠርና በድቡልቡል ድንጋይ የሚሠራ፣ ወንዝ የሚመስል ጠመዝማዛ መስመር ነው። በበጋ ጌጥ ነው፤ በክረምት ደግሞ ከጣሪያ አሸንዳ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ዛፍ ሥር ይመራል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈርና ከቤቱ መሠረት ርቆ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ትላልቆቹ ድንጋዮች በጠርዝ፣ ትናንሾቹ በመካከል ይደረደራሉ። ሥራው ሲጠናቀቅ ውሃ አፍስሶ መሞከር ያስፈልጋል። ከአንድ ቀን በላይ ውሃ የሚያቁርበት ቦታ ካለ በጠጠር መሞላት ወይም መስተካከል አለበት።

የድሬዳዋ ሰው ደረቅ ወንዝ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በተራሮቹ ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙ ቤቶችም ተወስደዋል። የግቢ ጠጠር እንዲህ ያለውን ጎርፍ አያቆምም። ሆኖም በሲሚንቶ የተደፈነ ግቢ የወረደበትን ውሃ ሁሉ ወደ መንገድ ሲለቅ፣ ጠጠርና አፈር ያለው ግቢ የተወሰነውን ወደ መሬት ያሰርጋል። በተጨማሪ የወንዝ ድንጋይ ሲለቀም ከጎርፍ መከላከያ ግንብና ከወንዙ ዳር መነቀል የለበትም።

የስባሪ ሥዕል

1. ስባሪው በጆንያ ተጠቅልሎ በመዶሻ ይሰበራል፤ በዚህ ጊዜ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል።
2. ሥዕሉ በግድግዳው ላይ በከሰል ወይም በጠመኔ ይነደፋል።
3. ግድግዳው በውሃ ይረጥባል። ይህ ካልተደረገ ደረቅ ግድግዳ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ልስኑ ይሰነጠቃል።
4. በአንድ ጊዜ ሊሸፈን የሚችል ትንሽ ቦታ ብቻ በልስን ተለስኖ ስባሪው ይለጠፋል።
5. በማግስቱ ክፍተቶቹ በቀጭን ልስን ይሞላሉ፤ ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።
6. ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆያል።

በድሬዳዋ ሙቀት ሲሚንቶ ከመጠንከሩ በፊት ስለሚደርቅ ሥራው ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሠራ ይሻላል። ሱቆች በቀትር በሚዘጉባትና ሰው በጥላ በሚያርፍባት ከተማ ይህ ለሠራተኛውም የሚመች ሰዓት ነው።

ጥላና መቀመጫ

በሞቃት ከተማ የግቢ ማስጌጥ ዋና ፍሬ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቡና የሚፈላው፣ በርጫ የሚቀመጠው፣ ልጆች የሚጫወቱት በጥላ ሥር ነው። የእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ሰሌን ወይም የቡገንቪሊያ ሐረግ፣ ከሥሩ በድንጋይ የተገነባ መደብና የኖራ ቅብ ለዚህ ይበቃሉ። ጥላው ከምዕራብ የሚመጣውን የከሰዓት ፀሐይ እንዲከልል ቢደረግ ምሽቱን ግድግዳው አይግልም።

ትንኝና የግቢ ዕቃ

በድሬዳዋ የግቢ ጌጥ ሲታሰብ ትልቁ ጥያቄ ውሃ የሚያቁር ዕቃ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በከተማዋ የዴንጊ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል፤ በኢትዮጵያ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የዴንጊ ወረርሽኝም ይህ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ተከሰተ። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ቀን ላይ የምትናከስና በጎማ፣ በጣሳ፣ በማሰሮና በበርሜል ውስጥ የምትራባ ናት።

በተጨማሪም አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ መጥታለች። መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሲሆን በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች። የተለመዱት የኢትዮጵያ የወባ ትንኞች በዝናብ ኩሬዎች ስለሚራቡ ወባ የሚበረታው ከክረምት በኋላ ነበር። ይህችኛዋ ግን ሰው ባጠራቀመው ውሃ፣ በገንዳና በበርሜል ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወራት በድሬዳዋ የወባ ሕሙማን ቁጥር ባልተለመደ ሁኔታ ሲጨምር ተመራማሪዎች ከዚህች ትንኝ ጋር አያይዘውታል። በጋ ከወባ የሚታረፍበት ወቅት ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ተለውጧል።

ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር የሚወስድባት ጊዜ በሙቀት ወቅት አንድ ሳምንት ያህል ነው። የኤደስ እንቁላል ደግሞ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ዕቃው ቢደርቅም ለወራት ሳይሞት ቆይቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳውን መፈግፈግ ያስፈልጋል።

ለጌጥ የሚውሉ ዕቃዎች እንደሚከተለው ይዘጋጃሉ፦

- ጎማ፦ እንዴትም ቢቀመጥ ውሃ የሚይዝ ጎድጓዳ አለው። ከሥሩ በብዙ ቦታ ይበሳል፤ ውስጡ ሙሉ በሙሉ በአፈር ወይም በጠጠር ይሞላል። ሊበሳ ወይም ሊሞላ ካልተቻለ ለጌጥ አይውልም።
- ጣሳና በርሜል፦ ከሥሩ ቢያንስ 3 ቀዳዳ ይበሳል። ከሥሩ የሚቀመጥ ሳህን ካለ በአሸዋ ይሞላል።
- ባዶ እንስራና ጀበና፦ ተደፍቶ ወይም በጎኑ ተጋድሞ ይቀመጣል። አፉ ወደ ላይ ከሆነ በጠጠር ይሞላል።
- ጠርሙስ፦ በአጥር ላይ ሲሰካ አፉ ወደ ታች ይሆናል።
- የወፍ ውሃ መጠጫ፦ ጥልቀት የሌለው ሆኖ ውሃው በየቀኑ ይለወጣል፤ ገጹም ይፈገፈጋል።
- የውሃ ማጠራቀሚያ፦ በርሜልም ሆነ ሮቶ ጥብቅ ክዳን ይደረግለታል። በውጭ ገጹ ላይ ሥዕል መሣል ይቻላል።

ሌሎች ጥንቃቄዎች

ቀለም። አንዳንድ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኝባቸዋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በ90 ፒፒኤም ወስኗል። የአሮጌ በርና መስኮት ቀለም ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ስለሚችል በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ አቧራው በተለይ ልጆችን ይጎዳል። ኖራና የአፈር ቀለም የተሻሉ አማራጮች ናቸው።

የኬሚካል ዕቃ። ፀረ ተባይ ወይም የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ምንም ቢታጠብ ለሚበላ ተክል መዋል የለበትም።

የእጣቢ ውሃ። የልብስ እጣቢ ለጌጥ ዛፎች ሊውል ይችላል። በረኪና ያለበት ውሃ ግን ሥር ያቃጥላል። ጨውም እንዳይጠራቀም አልፎ አልፎ በንጹህ ውሃ ማጠጣት ይገባል።

ጊንጥና እባብ። የድንጋይ ክምር የጊንጥ መደበቂያ ነው። ድንጋዮች ከመኝታ ቤት ግድግዳ ርቀው፣ ክፍተታቸው በአሸዋ ተሞልቶ ቢደረደሩ ይሻላል።

ቅርስ። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ሐርላ በመካከለኛው ዘመን የንግድ ከተማ ነበረች። በቁፋሮ ከሩቅ አገር የመጡ የሸክላ ስባሪዎች፣ የመስታወት ጨሌዎችና የመስጊድ ፍርስራሽ ተገኝተውባታል። ከእንዲህ ያለ ቦታ የተለቀመ ስባሪ በግቢ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። በዋሻ ሥዕሎችም ላይ ውሃ መርጨትም ሆነ በእጅ መንካት ሥዕሉን ያበላሻል።

በሌሎች ቦታዎች

በተጣለ ነገር ግቢ ማስጌጥ በብዙ አገሮች አለ። በሕንድ የቻንዲጋር ከተማ የመንገድ ተቆጣጣሪ የነበረው ኔክ ቻንድ ለብዙ ዓመታት በድብቅ ከስባሪ ሴራሚክ፣ ከአምባርና ከፋብሪካ ትራፊ ምስሎችን ሠርቷል። ሥራው ከታወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። በስፔን ባርሴሎና የሚገኘውና በአንቶኒ ጋውዲ የተነደፈው ፓርክ ጉዌል በሴራሚክ ስባሪ በተሸፈኑ መቀመጫዎቹ ይታወቃል። በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ የውሃ አገልግሎት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 አነስተኛ ውሃ ለሚፈልግ ግቢ ዜሪስኬፕ የሚል ስያሜ አውጥቷል።

በአገር ውስጥ የዞማ ሙዚየም ዋነኛ ምሳሌ ነው። በመስከረም አሰግድና በሠዓሊ ኤልያስ ስሜ የተመሠረተው ይህ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ሕንጻዎቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ሲሆን ግድግዳዎቹ በእጅ በወጡ ቅርጾች የተሸፈኑ ናቸው። መሥራቾቹ ቀደም ሲል በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላም የዞማን ሥራ አካሂደዋል። ኤልያስ ስሜ አዝራርን፣ የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ገመዶችንና ሰሌዳዎችን ወደ ጥበብ በመለወጥ ይታወቃል።

የዓመቱ ሥራ በየወቅቱ

- መስከረምና ጥቅምት፦ ከክረምት የተረፈ ውሃ ያለባቸው ዕቃዎች ይደፋሉ፣ ይፈገፈጋሉ። አፈሩ ሳይደርቅ ጠጠር ይነጠፋል።
- ኅዳርና ታኅሣሥ፦ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል የሲሚንቶና የስባሪ ሥራ ይሠራል።
- ጥርና የካቲት፦ የግድግዳ ሥዕልና የእንጨት ሥራ ይሠራል። የውሃ ማጠራቀሚያዎች ክዳን በየሳምንቱ ይታያል።
- መጋቢትና ሚያዝያ፦ የበልጉን ዝናብ ተከትሎ አዳዲስ ችግኞች ይተከላሉ። ጎማና ጣሳ በየሳምንቱ ይፈተሻል።
- ግንቦትና ሰኔ፦ ማሰሮዎች ወደ ጥላ ይሰበሰባሉ። ማጠጣት በማለዳ ወይም በምሽት ብቻ ይሆናል።
- ሐምሌና ነሐሴ፦ አሸንዳና ደረቅ ጅረት ይጠረጋሉ። ጎርፍ ሊወስዳቸው የሚችሉ ቀላል ዕቃዎች ይነሣሉ፤ ከዝናብ በኋላ ውሃ የቋጠረ ነገር ሁሉ ይደፋል።